ውሃ ጠጪው ቤተሰብ

ቤቪላኳ የሚባል ጣሊያናዊ ሀብታም ድሬዳዋ ላይ ቪላ አሠራና እንግዶቹን ሰበሰበ። ስሙን በሩ ላይ የቀረጸለትን ድንጋይ ጠራቢም አስጠራው።

«የቀረጽከው ስም ‹ውሃ ጠጪ› ማለት ነው» አለው ደረቱን ነፍቶ። «ምንጅላቴ በአገራችን በጣሊያን የአንድ መስፍንን ውሃ፣ መርዝ እንዳይኖርበት እየቀደመ ይቀምስ ነበር። ስሙን ያወጣለት መስፍኑ ራሱ ነው። ይኸው ሦስት መቶ ዓመት ሙሉ ዘራችን በዚህ ስም ይጠራል። በል በእንግዶቼ ፊት አወድሰው፤ አለዚያ ከነገ ጀምሮ ሥራ የለህም!»

ጠራቢው ደሙ ፈላ። ቢሆንም እጅ ነሣና፣ «ስሙስ ድንቅ ነው ጌታዬ» አለ። «እኔን የገረመኝ፣ በዚህ ሁሉ ዘመን ከዘመዶችዎ አንዱን እንኳ ‹ና ጠላ ቅመስ› የሚል ጎረቤት መጥፋቱ ነው።»

እንግዶቹ በሳቅ ፈነዱ፤ ቤቪላኳም አብሮ ከመሳቅ በቀር ምርጫ አጣ።