የመርከቦቹ ፎቶግራፍና የእማማ አስካለ ወንድም

አንድ ሰው ነበር፤ የድሮ መርከቦችን ፎቶግራፍ የሚሰበስብ። ያደገው ደጋ ነው፣ ባሕር አይቶ አያውቅም። ግን የጦር መርከብ በሉት፣ የሥልጠና መርከብ በሉት፣ ምጽዋ ወደብ የቆመ ሁሉ በፍሬም ሆኖ ሳሎኑ ግድግዳ ላይ ተሰቅሏል። እንግዳ ገና ሳይቀመጥ መድፉን ያሳየዋል። ሚስቱ "የተጋባው ከባሕር ኃይል ጋር ነው" ትል ነበር አሉ።

አትሳቁበት። ያን የሚያህል ብረት ውሃ ላይ ተንሳፍፎ ሲያይ ይደነቅ ነበር። መደነቅ ደግሞ ግማሽ ጸሎት ነው።

አንድ ቀን እማማ አስካለ የሚባሉ የሠፈሩ አሮጊት በሩን አንኳኩ። ታናሽ ወንድማቸው ይልቃል በወጣትነቱ የባሕር ኃይል ሠልጣኝ ሆኖ ሄዶ በዚያው ቀርቷል። ቤታቸው አንድም ፎቶው የለም።

"ልጄ፣ መሞቱንስ ተቀብያለሁ" አሉት። "አሁን ግን መልኩ እየጠፋብኝ ነው።"

የመርከቡን ስም ሲነግሩት ደስ አለው። ያ መርከብ አለዋ! አውርዶ ጭናቸው ላይ አኖረላቸውና ርዝመቱን፣ የተሠራበትን ዘመን ይተነትንላቸው ጀመር። እሳቸው ዐይናቸውን አስጠግተው ብዙ ቆዩ።

"መርከቡስ ያምራል። ሰዎቹስ? ከፊቱ ተሰልፈን ፎቶ ተነሣን ብሎ ለፈቃድ የመጣ ጊዜ ነግሮኝ ነበር።"

ሰውየው ጉጠት ሊያመጣ ተነሣ። ለምን ጉጠት? ፍሬሙን ያሠራው ራሱ ነዋ! የተሰለፉት ልጆች የመርከቡን ውበት አበላሹብኝ ብሎ፣ ከመስታወቱ ሥር በሚገባው ነጭ ካርቶን የፎቶውን ታችኛ ክፍል የሸፈነው እሱ ነው።

ሚስማሮቹን በጉጠት ነቀለ፤ ካርቶኑን አነሣ። ወገኖቼ፣ ነጭ የለበሱ ወጣቶች ከዳር እስከ ዳር ብቅ አሉ። አንዱን ፀሐይ መትቶት ዐይኑን ጨፈን አድርጓል። እማማ አስካለ ጣታቸውን እሱ ላይ አሳረፉ። "ይልቃል" አሉ፣ ከጓሮ ይጠሩት እንደነበረው አድርገው።

ሰውየው ዕድሜ ልኩን መርከብ ሲያይ እንደዚያ ተደንቆ አያውቅም። ወለሉ ላይ ተቀመጠ። ያን ሰሞን ፍሬሞቹን ሁሉ ፈታ። ከየካርቶኑ ሥር ሰው ወጣ፤ ሠልጣኝ ወጣ፣ ወጥ ቤት ወጣ፣ ገመድ ጎታች ወጣ። ለካ ቤቱ ሰው ሞልቶበት ኖሯል።

እናንተስ? የልጃችሁን የምርቃት ፎቶ ስትነሡ፣ አዝላ ያሳደገችውን ሴት "አንቺ እስቲ ዞር በይ" ያላችሁ የለም? "ቤተ ክርስቲያናችን እንዴት ታምራለች" ስትሉ፣ ሳይነጋ መጥቶ የሚጠርጋትን አይታችሁታል?

እግዚአብሔር ባሕሩን ራሱን የፈጠረ ነው፤ መርከብ ምኑም አይደለም። ያን ዐይኑን የጨፈነ ልጅ ግን ያን ሁሉ ዘመን ሲያየው ኖሯል። እኛ የሸፈንነው ከእኛ ይሸፈናል እንጂ ከእሱ መች ይሸፈናል?

ዛሬ ቤት ስትደርሱ በር የምትከፍትላችሁን የቤት ሠራተኛ ቀና ብላችሁ እዩዋት። እናንተ ያወጣችሁላትን ሳይሆን እናቷ ያወጣችላትን ስም ታውቁታላችሁ? ካላወቃችሁት፣ ምሳ ከመቅረቡ በፊት ጠይቋት።