ሞተሩ ለምን ያፏጫል?

አንድ ሰው መኪና ገዛ። ይሄ ምን ይገርማል? ሰው መኪና ይገዛል። ግን ይሄ ሰው የገዛው ከጓደኛው ነው። ወገኖቼ፣ ነገሩ የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው።

ሰውየው አሰግድ ይባላል። ቤቱ ደሴ፣ ሥራው ኮምቦልቻ፣ የአንድ ፋብሪካ ዕቃ ግምጃ ቤት ኃላፊ ነው። ጠዋት ሐረጎን ይወርዳል፤ ማታ ሐረጎን ይወጣል። መንገዱን የሄዳችሁበት ታውቁታላችሁ፣ ጥምዝምዝ ያለ ዳገት ነው። ሻጩ ደግሞ ሲራክ ነው። ሲራክ ቀያሽ ነው፤ መሬት ይለካል። ሁለቱ ከወጣትነታቸው ጀምሮ በአንድ የመዘምራን ቡድን ጎን ለጎን ቆመው የዘመሩ፣ አንዱ ሲታመም ሌላው አጠገቡ የሚያድር ሰዎች ናቸው።

መኪናዋ ትንሽ ናት። ሞተሯ አንድ ሊትር፣ ሦስት ሲሊንደር፣ የሚጠጣው ቤንዚን። ግን ቱርቦ አለው። ቱርቦ ምን መሰላችሁ? የሞተሩ ጭስ ሲወጣ የሚያሽከረክረው ነገር ነው፤ አየር እየጨመቀ ወደ ሞተሩ ያስገባል። ትንሹ ሞተር የትልቁን ያህል ይጎትታል። በመመሪያው ላይ ከመቶ በላይ የፈረስ ጉልበት ተጽፎለታል።

ሲራክ ቁልፉን ሲያስረክብ እንዲህ አለው፤ "ዳገት ወጥተህ ስትቆም ወዲያው አታጥፋው። ትንሽ ይተንፍስ፤ ቱርቦው ይብረድ። ዘይቱም መመሪያው ከሚለው ሌላ እንዳይሆን። ይህን ከጠበቅክለት አያስቸግርህም።"

"እስቲ አንዴ አብረን እንዙር፤ አንተ ንዳ" አለው አሰግድ።

"አይ፣ አንተው ንዳው" አለ ሲራክ። ይህን ሲልም ፊቱን ወደ ግድግዳው አዙሮ ነበር።

በሳምንቱ ፋብሪካው በር ላይ አንድ የሥራ ባልደረባው ኮፈኑን አስከፍቶ አየና ሳቀ። "አንድ ሊትር? በዚህ ነው ሐረጎን የምትወጣው? ይሄማ የሞተር ብስክሌት ነው! ቱርቦ ማለት እኮ ከሲታ ሰው ላይ ኩንታል ጭኖ በአለንጋ መንዳት ነው። ይሮጣል፣ ይሮጣል፣ ከዚያ ድፍት! ለመሆኑ ባለቤቱ ለምን ሸጣት?"

ለምን ሸጣት?

ወገኖቼ፣ ይህች ጥያቄ አሰግድ ውስጥ ገባች። ምሳውን አብራው በላች። ማታም አብራው ዳገቱን ወጣች። እውነትም፣ ሲራክ ለምን ሸጠ? ደኅና መኪና ማን ይሸጣል?

ከዚያ ቀን ጀምሮ አሰግድ መስማት ጀመረ። ነዳጅ ሲረግጥ ሞተሩ ቀጭን ፉጨት ያፏጫል። ይሄ ፉጨት ድሮ ነበር? ቆሞ ሲሠራ ደግሞ መሪው ይንቀጠቀጣል። ይሄስ? ሬዲዮ መክፈት ተወ። መስኮት ዝቅ አድርጎ፣ አንገቱን አጋድሎ መንዳት ያዘ። ጠዋት ከቁርስ በፊት ኮፈን ይከፍታል፤ ዘይት ይለካል፤ ያሸታል። ምንም የለም። ምንም አለመኖሩ ራሱ አስጠረጠረው! "አጥቦታል፤ ሊሸጥ ሲል አጥቦ ደብቆታል" አለ።

ሰው አንዴ ከጠረጠረ የማያስጠረጥር ነገር ምን አለ? እስቲ ንገሩኝ፣ ምን አለ?

የሽያጩን ቀን ደግሞ ደጋግሞ አስታወሰ። ለምን ቸኮለ? ለምን ራሱ አልነዳም? ለምን ዓይኔን ማየት ፈራ?

ሚስቱ አስናቁ ሰልችቷት፣ "ሲራክን ለምን አትጠይቀውም? ቤቱ እዚሁ ነው" አለችው።

"የሚዋሽ ሰው ተጠይቆ ምን ሊናገር?"

"መቼ ዋሸህ?"

ለዚህ መልስ የሚሆን ነገር በማግስቱ አገኘ። ፒያሳ ላይ ሲራክ በአጠገቡ አለፈ። ፊት ለፊት! አሰግድ እጁን አነሳ። ሲራክ ቀጥ ብሎ ሄደ፤ ሰላም እንኳን አላለውም። "አየሽ? ሸሸኝ!" አላት ለሚስቱ።

መኪናዋን ኮምቦልቻ ይማም የሚባል መካኒክ ጋ ወሰዳት። ይማም ሞተሩን አስነሳው፣ አዳመጠው፣ ዳገት ወስዶ ሞከረው። "ሞተሩ ጤነኛ ነው" አለ። "ሦስት ሲሊንደር ሲቆም ትንሽ ይንቀጠቀጣል፤ ተፈጥሮው ነው። ፉጨቱም የቱርቦው ነው። ይቺን መኪና አውቃታለሁ፤ ሲራክ በደንብ ነው የያዛት።"

ማመስገን ነበረበት አይደል? እሱ ግን ከዚያ ሁሉ የሰማው አንዲት ቃል ናት፤ "አውቃታለሁ።" አሃ! ይተዋወቃሉ! ተነጋግረዋል!

እናም ሌላ ጋራዥ ሄደ። እዚያ ያለው ሰውዬ ገና ኮፈኑ ሳይከፈት ራሱን ነቀነቀ። "ተሸውደሃል ወንድሜ። ቱርቦው አልቆለታል። መፈታት አለበት።"

አሰግድ ምን ተሰማው መሰላችሁ? ደስታ! ሞተሩ ተበላሸ ሲሉት ደስ ያለው ሰው አይታችሁ ታውቃላችሁ? ጥርጣሬው ልክ ሆነለታ! መስማት የሚፈልገውን የሚነግረው ሰው እስኪያገኝ ዞረ፤ አገኘ።

ቱርቦው ተፈታ፣ ተጠረገ፣ ተገጠመ። አሰግድም ዝም አላለም። ለመዘምራኑ ተናገረ፤ ለጎረቤት ተናገረ፤ ሠርግ ቤት ተናገረ። "ሲራክ የሞተ ሞተር ሸጠልኝ" አለ። ሰዎች ከንፈራቸውን መጠጡ። መሬት የሚያስለኩ ሰዎች ሳይቀሩ "እንዲህ ያለ ሰው ድንበራችንንስ በትክክል ይለካል?" አሉ። ሲራክ ሰማ። አንድ እሁድ ከጉባኤው ቀረ፤ ከዚያም መምጣቱን ተወ። አሰግድም "ባይሸማቀቅ ኖሮ ይመጣ ነበር" አለ።

አንድ ቅዳሜ አሰግድና አስናቁ ከኮምቦልቻ ዘመድ ጠይቀው ሲመለሱ፣ ሐረጎ አጋማሽ ላይ ያቺ ቀጭን ፉጨት ወደ ጩኸት ተለወጠች። ብረት ብረትን ሲፍቅ የሚሰማው ዓይነት ጩኸት። ከኋላ ሰማያዊ ጭስ ተግተለተለ። ጉልበቱ ከዳው፤ መኪናዋ ወደ ኋላ መንሸራተት ጀመረች። ከኋላቸው የጫነ መኪና እየወጣ ነው፤ በስተቀኝ ገደሉ። አሰግድ ፍሬንና የእጅ ፍሬን አንድ ላይ ያዘ። አስናቁ "ኢየሱስ! ኢየሱስ!" ትላለች። የጭነት መኪናው ሾፌር በጭንቅ አልፏቸው ሄደ። ሁለቱም ከመኪናዋ ወርደው መንገድ ዳር ተቀመጡ።

መኪናዋ በገመድ ተጎትታ ይማም ጋ ደረሰች። ይማም ቱርቦውን ፈታና ወደ እሱ የሚሄደውን ቀጭን የዘይት ቧንቧ አወጣ። ውስጡ መጋጠሚያ በሚለጠፍበት በደረቀ ሲሊኮን ተደፍኗል፤ የገጠመው ሰው አብዝቶ ቀብቶት ተጨምቆ ገብቷል። ቱርቦው ዘይት አጥቶ ተቃጥሏል።

"ይሄን ማን ከፈተው?" አለ ይማም። "ባይከፈት ምንም አይሆንም ነበር።"

አሁን ልቡ ተመለሰ ትላላችሁ? አልተመለሰም! በሚኒባስ ደሴ ደርሰው ወደ ቤት ሲሄዱ ለሚስቱ ምን አላት? "ይማም ለሲራክ እየተከላከለለት ነው።"

አስናቁ ቆመች። "በቃኝ" አለች። "ገደል አፋፍ ደርሰን ተመልሰናል። አሁኑኑ ሲራክ ቤት እንሄዳለን።" ቀድማው ሄደች፤ እሱም ተከተለ።

ጠራራ ፀሐይ ነው። ሲራክ በሩን ከፈተ። አሰግድ ፊት ለፊቱ፣ ክንድ በማይሞላ ርቀት ቆሟል። ሲራክ ግን አንገቱን ወደ ጎን አዘንብሎ፣ "ማን ልበል?" አለ።

ለአሰግድ እየቀለደበት መሰለው። ሊቆጣ አፉን ከፈተ። የሲራክን ዓይን አየው። አፉን መልሶ ዘጋ።

"እኔ ነኝ" አለ በመጨረሻ። "አሰግድ ነኝ።"

"ግባ" አለ ሲራክ። ግድግዳውን በእጁ እየዳሰሰ መራቸው። "የዓይን ግፊት ነው ብለውኛል። ግራው ጠፍቷል። ቀኙም ከጎን የሚመጣ ካልሆነ አያሳየኝም፤ ሰው ፊት ለፊት ሲቆም ጥላ ነው። መሥሪያ ቤት እንዳይሰማ ደበቅኩት። ቀያሽ ዓይኑ ከጠፋ ምን ይሠራል? አንድ ቀን ትምህርት ቤት አጠገብ ስነዳ አንዲት ሕፃን ከፊቴ በእናቷ እጅ ተጎትታ ተረፈች። አላየኋትም አሰግድ። ጨርሶ አላየኋትም። ከዚያ በኋላ መሪ አልያዝኩም። መኪናዋ ደኅና ስለሆነች ለአንተ ሸጥኳት።"

አሰግድ አለቀሰ። "ለምን አልነገርከኝም?" አለ።

"አፈርኩ" አለ ሲራክ። ደግሞም፣ "አንተስ ጋራዡን ሁሉ ስትጠይቅ እኔን ለምን አልጠየቅከኝም?"

እሁድ አሰግድ ጉባኤው ፊት ቆሞ፣ "ወንድሜን በሐሰት አምቻለሁ" አለ። ጥሩ አደረገ። ግን ሠርግ ቤቱ ውስጥ የሰሙት እዚያ አልነበሩም። ያንን ወሬ ይዘው ወደየአገራቸው የሄዱትን ማን ይመልሳቸዋል? ለመኪናዋ ሌላ ቱርቦ ተገኘላት፤ ዛሬም ሐረጎን እያፏጨች ትወጣለች። ለሲራክ ስም ግን መለዋወጫ የሚሸጥ ሱቅ የለም። አሰግድ አሁን ሲራክን ወደ ሐኪም እያመላለሰው ነው። በመንገድ ላይ ይጫወታሉ፤ አንዳንዴ ግን ሲራክ ዝም ይላል፤ አሰግድም ለምን ዝም እንዳለ ያውቃል።

ወገኖቼ፣ እናንተስ? ፉጨቱን እያዳመጣችሁ ያላችሁት የማንን ነው? ሰላም ሳትልሽ ያለፈችውን ጎረቤት ነው? ስልክህን ያላነሳውን ወንድምህን? ሲስቅም የጠረጠራችሁት፣ ሲያዝንም የጠረጠራችሁት ማን ነው? "እውነትሽን ነው፣ እኔም ታዝቤያታለሁ" የሚል ሰው እስክታገኙ ስንት ቤት አንኳኩታችኋል? እንዲህ የሚል ሰው አይጠፋም። ሁልጊዜ ይገኛል። ፈትቶ የማያውቀውን ይፈታላችኋል፤ ደፍኖም ይገጥምላችኋል።

አትጠርጥሩ አላልኳችሁም። የሚያታልል ሰው አለ፤ እሱንም ሄዳችሁ ፊት ለፊት ጠይቁት። ጌታ ለበደለህ ሰው እንኳን መጀመሪያ ብቻህን ሂድና ንገረው ነው ያለን። ላልበደለህማ እንዴት አብልጦ አይሆን?

አሁን ጸሎት እናደርጋለን፤ ከዚያ ወደየቤታችሁ ትሄዳላችሁ። ስሙ በልባችሁ የመጣ ሰው አለ፤ አውቃለሁ። ምሳችሁን ከመብላታችሁ በፊት እሱ ጋ እለፉ።