ያለቀው ማርሽና የወይራ ደሴት ደወል

በጣና ዳርቻ ያሉ ሽማግሌዎች መውጫውን ሳይመረምር ወደ ነገር የሚገባ ሰው ሲያዩ የሚናገሯት አንዲት አጭር ምሳሌ አለች። የዕርቅ በር ሳያስቀር ወንድሙን ለሚከስ፣ ወይም ቢሳሳት የሚመለስበትን ሳያስብ አገር ለቆ ለሚሄድ ሰው ትነገራለች። ሰሚው ብዙውን ጊዜ ስለ በሬ ወይም ስለ በቅሎ የተነገረች ይመስለዋል። እርሷ ግን የተወለደችው በውሃ ላይ ነው፤ የመወለዷም ምክንያት ጥርሱ ያለቀ አንድ የጀልባ ሞተር ማርሽ ነበር። መነሻዋን የማያውቅ ሲናገራት ቀልድ ትመስላለች፤ በዚያ ቀን በወደቡ የነበሩት ሰዎች ግን ሲናገሯት ድምፃቸውን ዝቅ ያደርጋሉ።

ወይራ ደሴት ትንሽ ናት፤ ከአናቷ ላይ ካለው ደብር ጉልላት በቀር ከሩቅ የሚታይ ነገር የላትም። ሰዎቿ ከአባቶቻቸው የተቀበሉት አንድ ሥርዓት አላቸው፤ ከደሴቲቱ ሲወጡ ለደብሩ ጀርባቸውን አይሰጡም። ከቅጥሩ የሚወጣ ምእመን ፊቱን ወደ መቅደሱ እንዳደረገ የኋሊት እንደሚራመድ ሁሉ፣ ታንኳም ከወደቡ የሚለቀው ግንባሩን ወደ ደብሩ እንዳቀና ነው። ጉልላቱ ከዛፎቹ ጀርባ እስኪሰወር ድረስ ቀዛፊው የኋሊት ይቀዝፋል፤ የሚዞረው ከዚያ በኋላ ነው። ደብሩ ታንኳውን ትቶ የብረት ጀልባና ያገለገለ ሞተር ባገኘ ጊዜም ሥርዓቱ አልተለወጠም። የጀልባው ነጂ ስመኘው፣ ተሳፋሪ የሞላውን ጀልባ የኋላ ማርሽ አስገብቶ ያን ሁሉ ርቀት ወደ ኋላ ይነዳው ነበር።

ስመኘው በሥራው የታመነ፣ ባሕሩን እንደ ደጁ የሚያውቅ፣ ቀልድም የማያልቅበት ሰው ነበር። አንድ ጠባይ ብቻ ነበረበት፤ መዘግየትን እንደ ኃጢአት ይቆጥር ነበር።

በአንድ ዓመት የደብሩ የንግሥ በዓል ሲቃረብ ሞተሩ ወደ ኋላ ሲባል መንገጫገጭ ጀመረ። ይይዝና ይለቃል፤ በለቀቀ ቁጥር ከውሃው በታች አጥንት እንደሚሰበር ያለ ድምፅ ይሰማል። ዓመቱ ደግሞ እንደ ሌላው ዓመት አልነበረም። ወይራ ደሴት ከተመሠረተች ጀምሮ ምእመናኑን የምትጠራው በተንጠለጠለ ድንጋይ ነበር፤ በዚያ ዓመት ግን ሕዝቡ ለረጅም ጊዜ ሲለምነው የኖረ የነሐስ ደወል ተገኝቶ በባሕር ዳር በኩል ካለው ዳርቻ ተቀምጦ ይጠብቅ ነበር። ለንግሡ ዋዜማ መድረስ ነበረበት። ስለዚህ ስመኘውና በወጣትነታቸው ታንኳ ሲቀዝፉ የኖሩት የሰበካው ሽማግሌ አያ ጥሩነህ፣ ደወሉን ሊያጅቡ ከመጡት የደሴቲቱ ሰዎች ጋር ሆነው ሞተሩን ምትኩ ወደሚባል መካኒክ ወሰዱት።

ምትኩ ማርሾቹን የያዘውንና ከውሃ በታች የሚውለውን ካምቢዮ ፈታ። በፈሰሰው ጥቁር ዘይት ውስጥ የብረት ብናኝ እንደ ዓሣ ቅርፊት ያብለጨልጭ ነበር። ሁለቱን ማርሾች አውጥቶ፣ በጨርቅ ጠርጎ፣ ጎን ለጎን አስቀመጣቸው። ወደ ፊት የሚወስደው ማርሽ ጥርሱ ገና ስል ነው። ወደ ኋላ የሚወስደው ግን እንደ ወንዝ ጠጠር ልሟል፤ ከጥርሶቹ ከፊሎቹ ጭራሹን የሉም።

«ሰው ሁሉ የሚያመጣልኝ የፊቱን ጨርሶ ነው» አለ። «የኋላው የተሠራው ለመቆምና ከዳር ለመላቀቅ ያህል ነው። እናንተ ዕድሜ ልካችሁን ወደ ኋላ ነው እንዴ የምትሄዱት?»

አያ ጥሩነህ የደሴቲቱን ሥርዓት አስረዱት። ምትኩ ሰምቶ ሲያበቃ ያለቀውን ማርሽ በሁለት መዳፉ አነሣው።

«ዝገት የበላው ብረት አይቻለሁ፤ አሸዋ የበላውም አይቻለሁ» አለ። «ስግደት የጨረሰው ብረት ግን ዛሬ ገና ማየቴ ነው።»

ከዚያም ምርጫቸውን ነገራቸው። አዲሱን ማርሽ ቶርኖ ቤት አስቀርጾ መግጠም ይቻላል፤ ነገር ግን ሥራው ከበዓሉ በፊት አያልቅም። አለዚያ ያለቀውን አውጥቶ፣ ስባሪው ሌላውን እንዳይጎዳ ካምቢዮውን አጥቦ መዝጋት ይቻላል፤ ያኔ ሞተሩ ወደ ፊት ብቻ ይሄዳል። ጀልባ ፍሬን እንደሌለውና የኋላው ማርሽ ፍሬኑም ጭምር መሆኑን ሳይጨምር አላለፈም።

ስመኘው ለመወሰን አልዘገየም። ደወሉ የሚሄደው ወደ ፊት ነው፤ ደሴቲቱም ያለችው ከፊታቸው ነው። ሲመለሱ ጀልባውን በረጅም እንጨት እየገፉ የኋሊት ያወጡታል፤ ሥርዓቱም አይጓደልም። ከበዓሉ በኋላ ማርሹን እንደ ልብ ያሠሩታል። አያ ጥሩነህ በዚህ አልተስማሙም። ድንጋዩ ለአባቶቻቸው እንደ ደወለ ለአንድ ዓመትም ለእነርሱ ቢደውል ነውር እንደሌለው፣ ማርሹ ሳይሠራ ደወሉ መነሣት እንደማይገባው ተናገሩ። ሕዝቡ ግን ከደወሉ ድምፅ በቀር የሚሰማው ነገር አልነበረም። ደስታውን ለሚጠባበቅ ሰው፣ ቆይ የሚለው ሽማግሌ ባላጋራ ይመስላል።

«አያ፣ ከፈሩ በታንኳ ቀስ ብለው ይከተሉን» አለ ስመኘው እየሳቀ። «የደወሉን ድምፅ እየሰሙ ይደርሳሉ።»

«ፈርቼስ አይደል የምሳፈረው» አሉ አያ ጥሩነህ፤ ሄደውም ከደወሉ አጠገብ ተቀመጡ።

በዋዜማው ጠዋት ባሕሩ እንደ ተወለወለ ሰሌዳ ጸጥ ብሎ ነበር። ደወሉ በጀልባው ወገብ ላይ፣ በሣር በተነጠፈ ግንድ መካከል ታስሯል፤ ምእመናኑ በግራና በቀኝ ተቀምጠው ይዘምራሉ። ሞተሩ እንደዚያ ቀን አምሮበት አያውቅም። ስመኘው አንድ ሁለት ጊዜ ወደ አያ ጥሩነህ እየተመለከተ ፈገግ ማለቱን የነበሩት ሰዎች ያስታውሳሉ።

ከቀትር በኋላ የጣና ነፋስ ከጀርባቸው ተነሣ። መጀመሪያ ጉዟቸውን ያፋጠነላቸው መስሏቸው ደስ አላቸው። ወደ ደሴቲቱ ሲቃረቡ ግን ማዕበሉ ጀልባውን ከኋላ እያነሣ መወርወር ጀመረ። የወይራ ደሴት ወደብ በሁለት ጥቁር ቋጥኞች መካከል ያለ ጠባብ በር ነው፤ ከበሩ ቀጥሎ ወዲያው የድንጋይ ዳርቻ ይገኛል። ስመኘው በሌላው ቀን በበሩ ይገባና ወደ ኋላ በሚወስደው ማርሽ ጀልባውን ባለበት ያቆመው ነበር። በዚያ ቀን ሞተሩን ከሩቅ አጠፋው፤ የጀልባው ፍጥነት ግን አልበረደም። ጀልባው በደወሉ ክብደትና በማዕበሉ ግፊት ወደ ቋጥኙ ገሰገሰ፤ ሞተሩ ስለ ጠፋም መሪው አልታዘዝ አለና ጀልባው ጎኑን ለማዕበሉ ሰጠ። ውሃው በጠርዙ ላይ ዘሎ ገባ። ስመኘው ሞተሩን መልሶ አስነሥቶ፣ ከቋጥኙ አንድ ክንድ በማትሞላ ርቀት አምልጦ ወደ ሰፊው ባሕር ወጣ።

እንደገና ሞከረ፤ እንደገናም አመለጠ። መዝሙሩ ቆመ። ወደ መጡበት እንዳይመለሱ፣ ያን ጭነት ይዞ ከነፋሱ ጋር ለመታገል ቤንዚኑ አይበቃም ነበር። በዳርቻው ከበሮ ይዞ የወጣው ሕዝብ ወደ ጀልባው እያየ ነው፤ ከጀልባው ውስጥ ያለውም ወደ ስመኘው ፊት። ወደ ፊት ብቻ የሚሄድ ነገር ምን እንደሆነ ሁሉም በዚያች ሰዓት ተረዳ።

አያ ጥሩነህ የሰው ትከሻ እየተደገፉ ወደ ሞተሩ መጡ። ድምፃቸውን ከፍ አላደረጉም።

«ስመኘው፣ ግንባሩን ወደ ነፋሱ አዙረው።»

«ወደ ነፋሱማ ወደ መሀል ባሕር ነው፣ አያ።»

«አውቃለሁ። አዙረውና ሞተሩን አታጥፋ፤ ነፋሱ ከሚገፋን ያነሰ ጉልበት ብቻ ስጠው። የሌለህን ማርሽ ባሕሩ ያውስሃል።»

ስመኘው ነገሩ ወዲያው ገባው፤ እጁ ግን አልንቀሳቀስ አለ። ነገሩ የገባው እንዲህ ነው፤ ግንባሩ ወደ ባሕሩ ከዞረ ጀልባው የሚገባው በጀርባው ነው። የወይራ ደሴት ልጅ ለደብሩ ጀርባውን ሰጥቶ አያውቅም።

«ጀርባችንን ለደብሩ ሰጥተን እንግባ?» አለ። 

ሽማግሌው ቀና ብለው ጉልላቱን አዩ። «ጀልባው ይስጥ፤ እርሱ ነፍስ የለውም» አሉ። «እኛ ፊታችንን እናዙር።»

ስመኘው አዞረው። ተሳፋሪዎቹም አንዱ ከሌላው እየተያያዘ፣ በተቀመጠበት እየዞረ፣ ሁሉም ፊቱን ወደ ደብሩ መለሰ። ሞተሩ ወደ ሰፊው ባሕር ይገፋል፤ ነፋሱና ማዕበሉ ወደ ደሴቲቱ ይገፋሉ፤ በሁለቱ መካከል ያ ከባድ ጀልባ፣ ሕፃን አንቀልባ ውስጥ እንደምታስተኛ እናት እጅ በዝግታ የኋሊት ሄደ። ስመኘው ሞተሩን ሲያጠነክር ጀልባው ይቆማል፤ ሲያላላ አንድ እርምጃ ያህል ይጠጋል። ከነጭ አረፋው መካከል ሁለቱ ቋጥኞች በግራና በቀኝ ብቅ አሉ፤ እጁን የዘረጋ ሰው ሊዳስሳቸው ይችል ነበር። ማንም እጁን አልዘረጋም።

በዳርቻው የነበረው ሕዝብ ያየው ይህ ነው፤ ጀልባው ሊሸሽ እንደተነሣ ፊቱን ወደ ባሕሩ አድርጎ፣ ሞተሩም እየጮኸ፣ ግን ወደ እነርሱ ይመጣል፤ ከውስጡ ያሉት ሰዎች ደግሞ ሁሉም ፊታቸው ወደ ደብሩ ነው። የከበሮ መቺዎቹ እጅ በአየር ላይ ቀረ። አንድ ሁለት ሰው ተንበረከከ፤ ቀጥሎ ሌላው ሁሉ። ከዚያም ጎልማሶቹ እስከ ደረታቸው ውሃ ውስጥ ገብተው ጀልባውን በጠርዙ ያዙት። በዚህ መካከል የመጨረሻው ማዕበል የጀልባውን ጀርባ አንሥቶ አወረደው፤ የሞተሩ እግር ከድንጋይ ተጋጨና ያ ምትኩ አጥቦ የዘጋው ካምቢዮ ለሁለት ተሰነጠቀ። ሞተሩ ዝም አለ። ደወሉ ግን ከእስሩ አልተነቃነቀም፤ ከሰዎቹም አንድ አልጎደለም።

የደብሩ አለቃ መሪጌታ ዕዝራ እስከ ጉልበታቸው ውሃ ውስጥ ገብተው ተቀበሏቸው። ከአባቶቻቸው ዘመን ጀምሮ ያልታየ ነገር ነበርና፣ ምነው ዛሬ የኋሊት ገባችሁ ብለው ጠየቁ። ስመኘው አሁንም የሞተሩን መያዣ እንደጨበጠ ነበር። አያ ጥሩነህ ዝናብ እንደሚጠርግ ሰው ፊታቸውን በጋቢያቸው አብሰው፣ እጃቸውን በነጂው ትከሻ ላይ ጣል አደረጉና ለአለቃው ሲመልሱ እንዲህ አሉ፤ «የኋሊቱን የናቀ፣ የኋሊት ይገባል።»