የአንጓች ጎተራ እንዴት ከመሬት ተነሳ

የደከመው ይጋደም፣ ያልደከመው ይቀመጥ። ተረቱ ረጅም አይደለም፤ የሚደጋገም ነው እንጂ። ቢሰለቻችሁም አትፍረዱብኝ፤ አንጓችም ሰልችቷታል።

አንጓች በፎገራ ሜዳ፣ በርብ ወንዝ ዳር ብቻዋን የምትኖር ባሏ የሞተባት ሴት ናት። የፈለገችው ትንሽ ነገር ነው። ጎተራዋ ከመሬት አንድ ክንድ ከፍ እንዲልላት ፈለገች፤ ሌላ ምንም። አምና ውሃው የቤቷን ደጃፍ አልፎ ገብቶ የጎተራውን ሥር ሲያርሰው፣ ሩዙ እዚያው ጎተራው ውስጥ በቀለ። የሻገተውን እየለየች፣ የሸተተውን እያጠበች እስከ ኅዳር በላችው። ዘንድሮም ጎተራው ውስጥ ያለው እስከ ኅዳር የምትበላው ሩዝና ውሃው ሲሸሽ የምትዘራው የሽምብራ ዘር ነው። ከዚያ ሌላ የላትም። በድንጋይ እንዳትደግፈው የሜዳው ጥቁር አፈር ሲርስ ድንጋይ ይውጣል። የሚያዋጣው በአራት ቋሚ እንጨት ላይ የተሠራ ቆጥ ነው።

የቀበሌው ባለሙያም በሰኔ መጥቶ ይህንኑ በድምፅ ማጉያ ተናግሯል። "የዘንድሮ ክረምት ይበረታል፤ እህላችሁን ካሁኑ ከፍ አድርጉ፤ ሳይቃጠል በቅጠል ነው" አለ። ሰዉ አጨበጨበ። አጨብጭቦ ሲያበቃ ወደ ሩዝ አረሙ ተመለሰ፤ ጎተራው ሁሉ እንደተቀመጠ ቀረ።

ሐምሌ በገባ በአራተኛው ቀን፣ ገና በማለዳ፣ አንጓች ወደ ጎረቤቷ ወደ ገነቱ ሄደች። ገነቱ የሟች ባሏ ታናሽ ወንድም ነው፤ ጉልበታም ነው፣ ቆጥ መሥራትም ያውቅበታል። የትናንቱ የአረም ጭቃ ከእግሩ ሳይታጠብ ደጁ ላይ ተቀምጧል።

"ገነቱ፣ አራት ቋሚ ቁረጥልኝ፤ ጎተራዬን ላንሳ" አለችው።

"እታለም፣ ለአንቺ እንዴት እምቢ እላለሁ? ምሳሬ ነው እንጂ። ስለቱ ተሸራርፎ እንጨቱን መላስ ጀምሯል። በእሳት ተቀጥቅጦ ካልተሳለ አይቆርጥም።"

"ታዲያ አታስለውም?"

"አረሙ መቼ ፋታ ሰጠኝ።"

አንጓች ፊቱን አየችው። ሰበብ ነው እንዳትል ድካሙ እውነት ነው፤ እውነት ነው እንዳትል ምሳሩ ከዶለዶመ ፋሲካ አልፎታል። ምሳሩን ትከሻዋ ላይ አድርጋ ወጣች። ምሳሩ ካልተሳለ ቋሚው አይቆረጥም፤ ቋሚው ካልተቆረጠ ጎተራው አይነሳም፤ ጎተራው ካልተነሳ እህሉ ይበሰብሳል።

ቀጥቃጩን አያ መኳንንትን ወናፉን ተደግፎ አገኘችው። ምድጃው በርዶ፣ አመዱ ላይ ዶሮ ተኝታበታለች።

"አያ መኳንንት፣ ይህን ምሳር ይሳሉልኝ። ምሳሩ ካልተሳለ ገነቱ ቋሚ አይቆርጥልኝም" አለችው።

"በምን እሳት? ከሰል ካለቀብኝ ሳምንቴ ነው። ፈንታሁን ጋራው ላይ አክስሎ አስቀምጧል አሉ፤ አላወረደውም። በጥርሴ ልሳለው እንዴ?"

"ሄደው አይጠይቁትም?"

"በዚህ ጉልበቴ ጋራ ልውጣ?"

አንጓች የራሷን ጉልበት አሰበች። ምሳሩን እዚያው ትታ ወደ ጋራው ወጣች። ከሰሉ ካልወረደ ምሳሩ አይሳልም፤ ምሳሩ ካልተሳለ ቋሚው አይቆረጥም፤ ቋሚው ካልተቆረጠ ጎተራው አይነሳም፤ ጎተራው ካልተነሳ እህሉ ይበሰብሳል። እየወጣች ትለዋለች፤ ትንፋሽ ሲያጥራት ቆም ብላ ካቆመችበት ትቀጥላለች።

ፈንታሁን ከሰል አክሳዩ ከአንድ ግራር ሥር በጀርባው ተንጋሏል።

"እትየ፣ ከሰሉ ይኸው፣ አራት ኬሻ ሙሉ። በእኔ ጀርባ ግን አይወርድም፤ ወገቤ ከተቀጨ ሰነበተ። የአባ ውቤ አህያ ካልመጣች እዚሁ ዝናብ ይበላዋል" አለ፣ ሳይነሳ።

"አባ ውቤን ጠይቀሃቸዋል?"

"ልጠይቃቸው እያልኩ ነው።"

"ከመቼ ጀምሮ?"

"ከሰኔ ሚካኤል።"

አንጓች አቅሟን ለመንገዱ ቆጠበች። ወረደች። አህያዋ ካልተጫነች ከሰሉ አይወርድም፤ ከሰሉ ካልወረደ ምሳሩ አይሳልም፤ ምሳሩ ካልተሳለ ቋሚው አይቆረጥም፤ ቋሚው ካልተቆረጠ ጎተራው አይነሳም፤ ጎተራው ካልተነሳ እህሉ ይበሰብሳል።

አህያዋ ከአባ ውቤ ደጅ አንገቷን ደፍታ ቆማለች። እሷም ደክሟታል።

"አህያዋማ ያቻት" አሉ ሽማግሌው። "ግን ጀርባዋን እይው፣ ልጄ። ከጭነቱ ሥር የሚነጠፍላት ግላስ ተቀዶ ልጧታል። ሳይሰፋ አላስጭናትም፤ እሷም እንደኛው ነፍስ አላት።"

"ለዛሬ በጥድፊያም ቢሆን ቢሰፋስ?"

"ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል። ደህና አድርጋ የምትሰፋው ምራቴ ስንዱ ናት። እሷን ደግሞ ቀስ ብለሽ ነው። እኔ መናገሩን ፈርቻለሁ።"

አንጓች ፍራቻው የገባት ጓዳ ስትዘልቅ ነው። ስንዱ ግላሱን ጭኗ ላይ፣ መርፌውን እጇ ላይ ይዛ አንገቷ ወደ ፊት ይወድቃል፤ ከጎኗ የሁለት ወር ልጇ ይጮኻል።

"እትየ አንጓች፣ ሦስት ጊዜ ጀመርኩት፤ ሦስቴም ጣቴን ወጋሁት" አለች ስንዱ። "ይህ ልጅ ከተወለደ ወዲህ እንቅልፍ የሚባል አላየሁም። እሱ ካልተኛ እኔ አልተኛም፤ እኔ ካልተኛሁ መርፌው አይታየኝም። ምን ላድርግ?"

አንጓች ጎንበስ ብላ ህፃኑን አየችው። ሌላ የምትነግረው ሰው ስላልነበረ ለእሱ ነገረችው።

"አንተስ፣ ጌታው? አንተ ካልተኛህ እናትህ አትተኛም፤ እናትህ ካልተኛች ግላሱ አይሰፋም፤ ግላሱ ካልተሰፋ አህያዋ አትጫንም፤ አህያዋ ካልተጫነች ከሰሉ አይወርድም፤ ከሰሉ ካልወረደ ምሳሩ አይሳልም፤ ምሳሩ ካልተሳለ ቋሚው አይቆረጥም፤ ቋሚው ካልተቆረጠ ጎተራዬ አይነሳም፤ ጎተራዬ ካልተነሳ እህሌ ይበሰብሳል። አንተ ደግሞ ምንህ ጎደለ?"

ህፃኑ አለቀሰ። ከማለዳ ጀምሮ ሰበብ ሳይሰጣት የቀረ እሱ ብቻ ነው።

አንጓችም ልታለቅስ ምንም አልቀራት። አንድ ክንድ ከፍታ ለምና ሜዳና ጋራ ዞረች፣ እህል ባፏ አልዞረም፣ እግሯ ተቃጠለ። ይበስብስ፣ ልሂድና ልተኛ አለች በሆዷ። ግን ገነቱ ወደ መኳንንት፣ መኳንንት ወደ ፈንታሁን፣ ፈንታሁን ወደ አባ ውቤ፣ አባ ውቤ ወደ ስንዱ ልከዋታል፤ ይህ ልጅ ወዴትም አይልካትም። ከእሱ ወዲያ የሚኬድበት ደጅ የለም።

"በይ ስጪኝ" አለቻት ስንዱን። "አንቺ ጋደም በይ።"

ልጁን አዘለችው። ከደጃፉ እስከ አጥሩ፣ ከአጥሩ እስከ ደጃፉ ተመላለሰች። መጀመሪያ ጀርባዋን በእርግጫ ደበደባት፤ ቀጥሎ አጉረመረመ፤ ኋላ ጭንቅላቱ ትከሻዋ ላይ ዘንበል ሲል ተሰማት። ስንዱን ድብን ያለ እንቅልፍ ወሰዳት። አንጓች መቀመጥ አማራት፤ ብትቀመጥ ይነቃል ብላ ፈራች፤ ስለዚህ ፀሐይዋ እስክታዘቀዝቅ ስትመላለስ ዋለች።

ህፃኑ ቢተኛ ስንዱ ተኛች፤ ስንዱ ተኝታ ብትነሳ ግላሱ ተሰፋ፤ ግላሱ ቢሰፋ በማግስቱ አህያዋ ተጫነች፤ አህያዋ ብትጫን ከሰሉ ወረደ፤ ከሰሉ ቢወርድ ዶሮዋ ከምድጃው ተባረረችና ምሳሩ ተሳለ፤ ምሳሩ ቢሳል በሦስተኛው ቀን ቋሚው ተቆረጠ። ገነቱ ቆጡን ሠራ። መኳንንት ምሳሩ እንዴት እንደቆረጠ ለማየት መጣ፤ ፈንታሁን ወገቡን ይዞ መጣ፤ አባ ውቤ ጠርብ በአህያ ጭነው መጡ። እህሉን በኬሻ አራገፉ፣ ጎተራውን በአራት ማዕዘን ያዙ፣ ጎተራው ተነሳ። ገነቱ በክንዱ ለካው። አንድ ክንድ ከአራት ጣት ሆነ።

"የእናንተስ?" አለች አንጓች፣ እህሉን መልሳ እየገለበጠች።

አራቱም ተያዩ።

"የእኔ መሬት ላይ ነው" አለ ገነቱ፣ ወደ እግሩ እያየ።

"የእኔም" አሉ አባ ውቤ።

የቀሩት የሁለቱም እንዲሁ ነበር። መኳንንት ምሳሩን አንስቶ በአውራ ጣቱ ዳሰሰው። "ስለቱ ገና አልዶለዶመም" አለ። ያን ሳምንት ከአረም መልስ እያዛጉ፣ እየተነጫነጩ፣ አንዱ የሌላውን እየያዘ አራት ጎተራ አነሱ። ያልደከመው አልነበረም። የማይደክመው ውሃው ብቻ ነው።

ውሃው በነሐሴ አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ መጣ። አንጓች ከጎተራው አጠገብ በተረፈው የቆጡ ጠርዝ ላይ ተጋድማለች። በበሩ ሥር ሲገባ ሰማችው። አንገቷን አውጥታ አየች። ውሃው ቋሚዎቹን ዞረ፣ ጭራሮና የሰበዝ ቁራጭ አንሳፈፈ፣ እስከ ቁርጭምጭሚት ደረሰና ቆመ። እጇን ወደ ጎተራው ሥር ሰድዳ ዳበሰችው። ደረቅ ነው። ባሏ ከሞተ ወዲህ በክረምት እንዲህ ልቧ አርፎ አያውቅም። ክንዷን ተንተራሰች።

ከደጅ ገነቱ ጭቃውን እያንቦጫረቀ መጣ።

"እታለም፣ ኧረ እታለም አንጓች፣ ውሃው ገባኮ።"

"ይግባ" አለች ዐይኗን ሳትገልጥ። "እኔን ግን አትቀስቅሰኝ።"

ተረቱ ይኸው ነው፤ ያልሰማ ጎረቤቱን ይጠይቅ።