ማር የሌላቸው የአህዪት እንግዶች

አንድ ጊዜ፣ ጀርባዋ በጭነት ብዛት የተላላጠ አንዲት አሮጊት አህያ ነበረች። ለአንበሳ ግቢ ውሃ ስታመላልስ ነው ያረጀችው። በመጨረሻ አንበሳ አዘነላትና፣ «ይችን ማሳ ዝሪ። ራስሽን ከቻልሽ ነፃ ነሽ፤ ካልቻልሽ ግን ወደ ውሃሽ ትመለሻለሽ» አላት። አህዪት ባቄላ ዘራች። ምኞቷ ማረፍ ብቻ ነበር።

ባቄላው ሲያብብ ንብ የሚመስሉ ጸጉራም ዝንቦች መጡ። ሲያዩአቸው ቁርጥ ንብ ናቸው፤ ግን አይናደፉም፣ ማርም አይሠሩም። ጅብ ሆዬ ይህን ከየት ይወቅ! ቀፏቸውን አገኛለሁ ብሎ ቀኑን ሙሉ ሲከተላቸው ውሎ፣ ምላሱን አውጥቶ ማሳው ዳር ተዘረረ።

«ማሩን የት ደበቃችሁት?» ብሎ ጮኸ።

«አያ ጅቦ፣ እኛ እኮ ዝንቦች ነን፤ ማር ከየት እናምጣ?» አለችው አንዷ። «የአበባውን ዱቄት ካንዱ ወዳንዱ እናደርሳለን፤ ባቄላው የሚያፈራው ያኔ ነው። ልጆቻችን ደግሞ አፈር ውስጥ የተቀበረውን የፌንጣ እንቁላል ይበላሉ።»

«ወሬኛ! እመት አህዪት፣ እነዚህን በጭስ አባርሪልኝ! ጭስ ሲሸታቸው ማሩን ጥለው ይሄዳሉ።»

አህዪት ዝንቦቹ እንደሚጠቅሟት ልቧ ያውቅ ነበር። «ተው እባክህ፣ ምን አደረጉህ?» አለችው። ጅብ ግን መች ሊሰማ! ሲነጋም ሲመሽም እዚያው ቁጭ ብሎ «አጭሺ! አጭሺ!» እያለ ነዘነዛት። እንቅልፍ አጣች። መከራከሩም ሰለቻት።

«ኧረ በቃ፣ ጆሮዬን አደነቆርከው! ይኸው!» አለችና ኩበት አቀጣጠለች።

ዝንቦቹ ጭሱ እያሳላቸው ተነሱ። «ለእኛ እንኳ ሌላ አበባ አይጠፋም፤ ለራስሽ እዘኚ» ብለዋት ሄዱ። ጅብ ማሳውን ቢበረብር ምንም የለ፤ እየተነጫነጨ መንገዱን ቀጠለ። አህዪትም የዚያን ሌሊት ጥሩ እንቅልፍ ተኛች።

ብዙም ሳይቆይ አበባው ሳያፈራ ረገፈ። ከአፈሩ የፌንጣ ኩብኩባ እየተርመሰመሰ ወጣና ቅጠሉን ግጦ ጨረሰው። አህዪት ቆማ አየች፤ ለማልቀስ እንኳ አቅም አልነበራትም።

በማግስቱ አንበሳ ግቢ በር ላይ ቆመች።

«ምነው፣ ባቄላሽስ?» አላት አንበሳ።

«ደክሞኝ ነበር፣ ጌታዬ» አለችና ለጭነቱ ጀርባዋን ሰጠች።

ከዚህ የምንማረው ከጭቅጭቅ ለማረፍ ብለን የሚጠቅመንን ብናባርር፣ የምናገኘው የአንድ ሌሊት እንቅልፍና የዕድሜ ልክ ድካም መሆኑን ነው።