የአንዲቷ ቀዳዳ ቆጠራ

ተረት ተረት! የበረዶ ቤት!

በዓለም ጫፍ፣ በረዶ በለበሰ ባሕር ላይ፣ ቆጠራ የማይሰለቸው ፔንግዊን ነበር። አባቱ ባሳየው በአንዲት የበረዶ ቀዳዳ በየዓመቱ ይጠልቅና፣ ክሪል የሚባሉትን ቀያይ ጥቃቅን የባሕር ፍጥረታት በአንድ ትንፋሽ ቆጥሮ ይወጣል። ሌላ ቀዳዳ ገብቶ አያውቅም።

ዘንድሮ ሲጠልቅ ክሪሎቹ ከመብዛታቸው የተነሳ መላወሻ አጣ። በየዓመቱ ቆጠራውን ሰምታ ክሪል ወደምትበላ አንዲት ዓሣ ነባሪ በደስታ እየዋኘ ሄደ።

«እትዬ፣ እንዲህ በዝተው አያውቁም! ባሕሩ ሞልቷል!»

«እርግጠኛ ነህ?» አለችው። ሳትጠይቅ የማትበላ ጨዋ ነበረች።

«በዓይኔ በብረቱ አየሁ!»

ዓሣ ነባሪዋ ቀዳዳዋ ሥር ደርሳ አፏን ከፈተችና አንድ ጊዜ ጎረሰች። ውሃው ጥርት አለ።

ከአፏ ጠርዝ ያመለጠ አንድ ክሪል ወደ ፔንግዊኑ ቀረበ።

«ጋሼ፣ ምን አደረጋችሁ? ሌላው ቦታ በረዶው ቀልጦብን እኮ ነው ሁላችንም እዚህ የተጠጋነው!»

ፔንግዊኑ ክው አለ። «ሁላችሁም?»

ክሪሉ ግራ ቀኙን አየ።

«ሁላችንም» አለ። በአጠገቡ ማንም አልነበረም።

ተረቴን መልሱ፤ ዓሣ ነባሪዋ ግን የጎረሰችውን ልትመልስ ዛሬም ድረስ አፏን አልከፈተችም።