አስር እግር ባቄላ

አንድ ጊዜ፣ ጅብና አህያ ገና በጉርብትና በሚኖሩበት ዘመን፣ እመት አህይት ወንዝ ዳር ባቄላ ዘርታ ነበር። እሷና ውርንጭላዋ ከዚያ ሌላ የበጋ ቀለብ የላቸውም። ባቄላው ባበበ በሳምንቱ ቅጠሉ ይጠወልግ ጀመር። ክሽክሽ የሚባለው ጥቁር ተባይ ገብቶበት ይሆን? አህይት ጭንቅ ያዛት። አመድ ብትነሰንስ ተባዩ ይሞታል፤ ግን አመድ ያረፈበትን አበባ ንብ አይቀርበውም፣ ንብ ያልቀረበው አበባም ፍሬ አይዝም። ቢቸግራት ቀበሮን አማከረች።

«መጀመሪያ ቁጠሪ» አለች ቀበሮ። «ዳር ዳሩን ተይው፣ ያታልላል። መሐል ግቢና አስር እግር ባቄላ ምረጪ። ከሥሩ ነጭ ቁርበት አንጥፈሽ አራግፊው፤ የረገፈውን ቁጠሪ። በአንዱ እግር ላይ ከሃያ ተባይ ከበለጠ አመድሽን ነስንሺ፤ ካነሰ እጅሽን ሰብስቢ።»

«የኔ ኮቴ ማሳውን ያደቀዋል እኮ!» አለች አህይት።

ይኼኔ አያ ጅቦ ከጥሻው ብቅ አለ። ቁርበት ሲባል ሰምቶ ዝም የሚል ጅብ አልተፈጠረም።

«እኔ ለስላሳ መዳፍ አለኝ፣ እመት አህይት። ቁርበቱን ብቻ ስጪኝ፤ አስር እግር ቆጥሬ እመጣለሁ።»

ቀበሮ በዓይኗ ጠቀሰቻት። አህይት ግን መልካም ወሬ ለመስማት ቸኩላ ነበርና የምትተኛበትን ቁርበት አውጥታ ሰጠችው።

ጅቦ ማሳው ዳር ሲደርስ ቁርበቱን ቀመስ አደረገው። ከቀመሰውማ በኋላ ማን ያስቁመው፤ ሙልጭ አድርጎ በላው። ከዚያ አደራው ትዝ አለውና እዚያው ዳር ያለውን አንድ ባቄላ ይዞ ናጠው። ክሽክሹ ሁሉ እንደ ጤፍ ሣሩ ውስጥ ረገፈ። ቀና ብሎ ቅጠሉን ቢያይ የቀሩት ሁለት ብቻ ናቸው። ቁጭ ብሎ ቆጠረና ተመለሰ።

«ማሳሽ ንጹሕ ነው! ያገኘሁት ሁለት ተባይ ብቻ።»

«አስሩንም እግር ቆጠርህ?»

«አንድም ሳላጎድል!»

«ቁርበቴስ?»

«ወንዝ ወሰደው።»

አህይት ለቁርበቱ አላዘነችም። እፎይ ብላ ባዶ መሬት ላይ ተኛች።

በስድስተኛው ቀን ማሳው ጠቁሮ ጠበቃት። አገዳው ከሥር እስከ ጫፍ ክሽክሽ ለብሷል፤ አበባው ረግፏል። አመዷን ተሸክማ ስትሯሯጥ ያየቻት ቀበሮ «ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ» ብላ አለፈች። አህይት ተናዳ ጅቦ ደጃፍ ደረሰች።

«አስር እግር ቆጠርሁ ብለኸኝ አልነበረም?»

«ቆጥሬያለሁ እንጂ!» ጅቦ ቅር አለው። «አንዱ ተባይ ስድስት እግር አለው። ሁለተኛው ላይ አራት ስቆጥር አስር ሞላልኝ። የተረፉትን ሁለት እግሮች ቁጠር ያለኝ የለም።»

አህይት ማልቀስም መሳቅም አቃታት። በዚያ በጋ እናትና ልጅ እሾህ እያኘኩ ባጁ።

ከዚህ የምንማረው፣ ደስ የሚል ቁጥር ሲነገረን እፎይ ከማለታችን በፊት ምኑ፣ የትና እንዴት እንደተቆጠረ መጠየቅ እንዳለብን ነው።